ከአንኮበር ቁልቁል እስከ ታጁራ

ሸዋ ለብዙ ዘመን ከዓለም ጋር የተገናኘባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ

እነዋሪ ላይ ሰንጋ የሚያደልብ ገበሬ ጨው አይሰስትም። በሬው ጭዱ ሰልችቶት፣ የጓያው ክክም አልጥም ብሎት አፉን ሲያዞር ባለቤቱ ከጨዉ ሸረፍ አድርጎ በመዳፉ ያስልሰዋል። ሻካራው ምላስ መዳፉን ጥርግ አድርጎ ከላሰ በኋላ በሬው ወደ ውኃው ይሄዳል፤ ውኃውን ሲጠግብ ደግሞ ወደ ገለባው ይመለሳል። በበዓል ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ስሙ የሚጠራው የጅሩ ሰንጋ የሚደልበው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው። ጨው ሻጩን ዕቃው ከየት እንደመጣ ቢጠይቁት «ከአፋር ነዋ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚጠይቅም የሚመልስም ብዙ የለም። በዕድሜ የገፉት ግን አያቶቻቸው ስለ ግመልና ስለ ዓልዩ አምባ ገበያ ሲያወሩ ይሰሙ እንደነበር ያነሣሉ። አንዳንዱም በወሬው መካከል «ታጁራ» የሚል ስም ጣል ያደርጋል።

ይህን ስም በሰሜን ሸዋ ያልሰማው የለም፤ ጠንቅቆ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በታሪክ ትምህርት ላይ ጠመንጃ የገባበት ወደብ ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ከተማዋ የት እንዳለች፣ ማን እንደሚኖርባት፣ እንዴት የሸዋ ደጃፍ እንደሆነችና ለምን እንደተረሳች የሚነግረን ግን የለም። ስለ ባሕር በር በየቤቱ በሚወራበት በዚህ ዘመን አባቶቻችን ከባሕሩ ጋር የተገናኙባትን ከተማ አለማወቅ ያሳዝናል። ስለዚህ ከእነዋሪ እንነሣና ጨዉ የመጣበትን መንገድ ይዘን ወደ ምሥራቅ እንውረድ።

ውኃው ወዲያ፣ ጨዉ ወዲህ

እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ መረሬ አፈር ያነጠፈው ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ገበሬው ዘሩ እንዳይበሰብስ መደብና ቦይ እያወጣ ይዘራል። ያ ሜዳ ደግሞ ድንገት ያልቅና ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። በእነዋሪ ማሳ ላይ ያረፈው ዝናብ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦም ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ውኃችን ወደ ባሕር የሚሄደው እንዲህ አፍሪካን ሽቅብ አቋርጦ ነው።

ቅርቡ ባሕር ያለው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ወይም ወደ አንኮበር የሚሄድ ሰው ደጋው ከእግሩ ሥር ሲቆረጥ ያያል። ከዚያ ጠርዝ በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ሁሉ የአዋሽ ነው። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ሸዋን በደቡብና በምሥራቅ ዞሮ፣ የአፋርን በረሃ ሰንጥቆ ወደ ባሕር የሚሄድ ይመስላል። ይሁን እንጂ አይደርስም። ባሕሩ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ኢትዮጵያና ጅቡቲ በሚዋሰኑበት አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ውኃው እዚያው በፀሐይ ይተናል።

አዋሽ ያልጨረሰውን መንገድ ግመል ጨርሶታል። ከአቤ ሐይቅ ወዲያ ያለውን ጥቁር ድንጋይና ጨው አልፈው የሚደርሱት የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከተማዋም ስሟን ለባሕረ ሰላጤው ሰጥታ በሰሜናዊው ዳርቻ ተቀምጣለች።

> አዋሽ ያልጨረሰውን መንገድ ግመል ጨርሶታል።

ነጭዋ ከተማ

ታጁራ ዛሬ በጅቡቲ ሪፐብሊክ የምትገኝ የአፋሮች ከተማ ናት። እነሱ ታጎሪ ይሏታል። በአገሪቱ ካሉት ከተሞች በዕድሜ የሚቀድማት የለም፤ ዋና ከተማዋ ጅቡቲ ራሷ ከእሷ ጋር ስትተያይ የትናንት ልጅ ናት። ከባሕር ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚታዩት በኖራ የተቀቡት ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶችና መስጊዶቹ ናቸው። ስለ ቤቶቹ «ነጭዋ ከተማ»፣ ስለ መስጊዶቹ ደግሞ «የሰባቱ መስጊዶች ከተማ» እያሉ ይጠሯታል። ከቤቶቹ ኋላ ጥቂት ቴምሮች አሉ፤ ከቴምሮቹ ኋላ የጎዳ ተራሮች ተገትረዋል። የሚገርመው የተራራው ነገር ነው። ታች ሙቀቱ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሆኖ ሳለ ላይ፣ ዴይ በተባለው ቦታ፣ የጥድ ደን አለ። የእኛን ደጋ ለሚያውቅ ሰው በዚያ በረሃ አናት ላይ ጥድ ማግኘት የአገሩን ሰው እንደ ማግኘት ነው። ደኑ ግን በድርቅና በግጦሽ እየደረቀ መሆኑን የአካባቢ ተመራማሪዎች ከዓመታት ጀምሮ ያስጠነቅቃሉ።

ባሕረ ሰላጤው ራሱ ገና እየተሠራ ያለ ባሕር ነው። የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የከፈለው ስንጥቅ ወደ የብስ የሚወጣው እዚህ ነው። ዓረቢያን ከአፍሪካ፣ የአፍሪካን ምሥራቅ ደግሞ ከቀሪው የሚለያዩት ስምጥ ሸለቆዎች በአፋር ምድር ይጋጠማሉ። በባሕረ ሰላጤው ምዕራብ ጫፍ ጉባ አል-ኸራብ የሚባል ጠባብ አፍ ያለው የባሕር ጓዳ አለ። ከጉባው ወዲያ ያለውን ጥቂት ኪሎ ሜትር የላቫ ድንጋይ ሲያልፉ አሳል ሐይቅ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ስፍራ ነው። በጉባውና በሐይቁ መካከል አርዱኮባ የተባለው እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ፈንድቶ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሳል ውኃ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ነው። ዳርቻው በነጭ የጨው ግግር የተሸፈነ በመሆኑ የአፋር ግመለኞች ለትውልዶች እየቆረጡና እየጫኑ ወደ አፋሩ አውሳና ወደ ሸዋ አቅጣጫ ወስደውታል።

የከተማዋ አስተዳደር ልማድም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሱልጣኑ ዳርዳር፣ ምክትሉ ባኖይታ ይባላል። ሥልጣኑ በሁለት የዘር ሐረጎች መካከል ይፈራረቃል፤ ዳርዳሩ ሲሞት ባኖይታው ቦታውን ይይዛል፣ አዲሱ ባኖይታ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ይመረጣል። አልጋ በተለወጠ ቁጥር ደም የሚፈስበትን ታሪክ አንብቦ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ሥርዓት የሚያስቀና ነው። የሸዋ መሳፍንት ግን በአንድ ወቅት ወንድሞቻቸውን ይፋት ውስጥ ጎንቾ ላይ በሰንሰለት ያስሩ ነበር።

የመንገዱ ባለቤቶች

ታጁራ ለሸዋ ትልቅ የሆነችው በንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከ1813 እስከ 1847 የነገሡት እኒህ ንጉሥ መንዝን፣ ተጉለትን፣ ሞረትን፣ መርሐ ቤቴን፣ ቡልጋንና ይፋትን አንድ አድርገው አንኮበር ላይ ተቀምጠው ይገዙ ነበር። በሰሜን በኩል ወደ ምፅዋ የሚያወጣው መንገድ በየጁና በትግራይ መሳፍንት እጅ ስለነበር ለእሳቸው አያስተማምንም። የቀራቸው የምሥራቁ ቁልቁለት ብቻ ነበር፤ ከአንኮበር ወደ ዓልዩ አምባ፣ ከዓልዩ አምባ ወደ ፋሬ፣ ከፋሬ አዋሽን ተሻግሮ በአፋር በረሃ ወደ ታጁራ። ይህ መንገድ በደህና ጊዜ ከወር በላይ ይወስድ ነበር። ዝናብ ከቀረ፣ ጎሳ ከተጣላ ወይም ግመል ከጠፋ ወራት ይጨምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሳህለ ሥላሴ ታጁራን አንድም ቀን አልገዙም። ሰንደቃቸው ባሕሩ ዳር አልተተከለም፣ ጦራቸውም እዚያ አልደረሰም። የንጉሡ ሥልጣን በተግባር የሚያበቃው ይፋት ላይ ነበር፤ እሱም በይፋቱ ሹም በወላስማ መሐመድ በኩል ነው። ወላስማው እንግዳውን ከቆላው ተቀብለው ለንጉሡ የሚያሳውቁ የበሩ ጠባቂ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር የአፋሮች ነው። የውኃ ጉድጓዱን የሚያውቁት፣ ግመሉን የሚያከራዩት፣ መንገደኛውን «በእኔ ጥላ ሥር ነው» ብለው የሚያሳልፉት እነሱ ናቸው። የሸዋ ንጉሥና የታጁራ ሱልጣን ደብዳቤና ስጦታ ይለዋወጡ ነበር፤ መሐል ያሉት ባላባቶችም ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር። መንገዱ ክፍት ሆኖ የቆየው በዚህ ስምምነት ነው።

> ሳህለ ሥላሴ ታጁራን አንድም ቀን አልገዙም፤ ሆኖም በታጁራ በኩል ለንደንና ፓሪስ ደርሰዋል።

በ1839 ብቻ ሁለት የተለያዩ ሰዎች በዚህ በር ገቡ፤ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር። በ1840 እንግሊዞች በባሕረ ሰላጤው አፍ ያሉትን የሙሻ ደሴቶች ከታጁራ ሱልጣን በአሥር ጆንያ ሩዝ ገዙ። ዋጋውን ያነበበ ሁሉ ይስቃል፤ እኔን ግን የሚያስቀኝ አይደለም። በጥቂት ጆንያ እህል የተጀመረው ግዢ ከአርባ ዓመት በኋላ ጠረፉን በሙሉ በሦስት የአውሮፓ መንግሥታት ያስከፋፈለው ሽሚያ መግቢያ ነበር።

በግንቦት 1841 ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መድፍ፣ ጠመንጃና ሌላም ብዙ ስጦታ ይዞ ከቦምቤይ በመርከብ ታጁራ ደረሰ። መርከቡ ወዲያው ቢያደርሰውም ግመሉ ግን ወዲያው አልተገኘም። ኪራይ ላይ ክርክር፣ ጭነት ላይ ክርክር፣ ማን ቀድሞ ይሂድ በሚለው ላይ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሲነሡ የዓመቱ እጅግ ሞቃት ወቅት ገብቶ ነበር። በአሳል ሐይቅ አጠገብ ሲያልፉ ጥማት ሊፈጃቸው ደረሰ። ጥቂት አልፈው ባደሩበት ሸለቆ በሌሊት ሦስት ሰዎቻቸው ተገደሉ። ሸዋ የደረሱት ክረምቱ ሲገባ ነው፤ በኅዳር ወር 1841 ከሳህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ፈረንሳይም በሮሼ ዴሪኩር በኩል በ1843 የራሷን አስፈረመች።

ሃሪስ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ታጁራ ሰዎችና ስለ አፋር ግመለኞች የተናገረው ምሬት ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ሌሎች ተጓዦችም እንዲሁ ናቸው፤ ስግብግቦች፣ ከዳተኞች፣ ጨካኞች ይሏቸዋል። የታሪክ መምህራን ዛሬ ይህንን ከግመለኛው በኩል አንብቡት ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ባዕድ ሰው መድፍ ጭኖ በግጦሽህና በውኃህ ላይ ሲያልፍ፣ መድፉም ነገ በማን ላይ እንደሚዞር ሳታውቅ፣ ዋጋ ማስወደድህ ምን ይደንቃል?

ዓልዩ አምባ፣ የሌላው ጫፍ ከተማ

ታጁራን ለመረዳት ዓልዩ አምባን ማየት ያስፈልጋል። አንኮበር ከተቀመጠችበት ጉብታ ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ይቀራል፤ ገብሱ በማሽላ፣ ጋቢው በሽርጥ ይተካል። ከተማዋ የአርጎባዎችና የአማሮች ናት፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ ይውላል፣ ሽመናውም እስከ ዛሬ አለ። በ1840ዎቹ ግን ይህች ትንሽ አምባ ከሸዋ ገበያዎች ሁሉ የገነነች ነበረች። በ1842 በታጁራ በኩል የመጣው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ኑሮውን እዚያ አድርጎ ስለ ገበያዋ በዝርዝር ጽፏል። ከቆላ ጨውና የሕንድ ጨርቅ፣ ከደጋ እህል፣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይገናኙባታል። ገንዘቡ የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ነበር። የንጉሡ ቀራጭም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።

አንድ የሚከብድ ነገርም አለ። ከዓልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል በተባለው ቦታ፣ የሚሸጠው ሰው ነበር። ከጉራጌ፣ ከከፋ፣ ከኦሮሞና ከሌላም አገር የተማረኩ ሕፃናትና ወጣቶች እዚያ ይሸጣሉ፤ ከዚያ ያንኑ ቁልቁለት ወርደው፣ ያንኑ በረሃ በእግራቸው አቋርጠው ታጁራ ይደርሳሉ። ታጁራ ላይ ጀልባ እስኪመጣ ይቆያሉ፤ ከዚያ ሞካ፣ ሁዳይዳ፣ ጅዳ። ከሃሪስ መድፍ ይልቅ ለከተማዋ ነጋዴዎች ትርፍ ያስገኘው ይህ ጭነት ነበር። የነጭዎቹን ቤቶች ኖራ የከፈለው በከፊል እሱ ነው፤ የዓልዩ አምባን ቀረጥ ያሳደገውም እሱ ነው፤ የአንኮበርን ግምጃ ቤት የሞላውም በከፊል እሱ ነው። ስለ መንገዱ ክብር የምናወራ ሰዎች ይህን አውጥተን ካልተናገርን ግማሹን ደበቅን ማለት ነው። በአዋጅ ከተከለከለ በኋላም ንግዱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በስውር ቀጥሏል።

ጠመንጃው፣ ገጣሚውና ቆሳኮቹ

ከሳህለ ሥላሴ በኋላ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በዚያው በር ሌላ ነገር ፈለጉ፤ ዘመናዊ ጠመንጃ። በሩን የፈለጉት ግን እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ግብፆች በ1870ዎቹ ታጁራን ይዘው ምሽግ ሠሩባት። በ1875 የግብፅ ሹም የነበረው ስዊዛዊ ቨርነር ሙንዚንገር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚያስገባውን መንገድ በጦር ሊከፍት ሞከረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አውሳ ላይ አፋሮች በሌሊት ገጠሙት፤ እሱም አብዛኛው ጦሩም እዚያው ቀሩ። አገራችን በጉንደትና በጉራዕ ያገኘችውን ድል ሁላችንም እናከብራለን። በዚያው ዘመቻ በምሥራቅ በኩል የመጣውን የግብፅ ክንድ የሰበሩት አፋሮች ግን በትምህርት ቤት ትረካችን ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኙም። ሊያገኙ ይገባል።

ግብፆች በ1884 ሲወጡ ጠረፉን የአውሮፓ መንግሥታት ተቀራመቱት። እንግሊዝ ዘይላን ያዘች። ጣሊያን ቀድማ አሰብ ላይ ተቀምጣለች። ከ1862 ጀምሮ ኦቦክ ላይ እግሯን የተከለችው ፈረንሳይ ደግሞ ከታጁራ ሱልጣን ጋር ውል ተዋውላ ከተማዋን በጥበቃዋ ሥር አደረገች። ምኒልክ ከሦስቱም ጋር መነጋገር ያዙ፤ ጠመንጃ ሊሸጡላቸው የሚፈልጉም ነበሩ።

ከሻጮቹ አንዱ አርተር ራምቦ ነበር፤ ግጥም መጻፉን በወጣትነቱ የተወው የፈረንሳይ ገጣሚ። በ1885 መጨረሻ ጠመንጃና ጥይት ይዞ ታጁራ ገባ፤ እዚያው አንድ ዓመት ሊሞላው ደረሰ። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ከተማዋን የገለጻት ጥቂት መስጊዶችና ጥቂት ቴምሮች ያሏት መንደር አድርጎ ነው፤ ግብፆች የሠሩት ምሽግና በውስጡ ጥቂት የፈረንሳይ ወታደሮችም አሉ። ግመል አልተገኘም፣ ፈቃድ ተከለከለ፣ ሸሪኩ ላባቱት ታምሞ ሞተ፣ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ፖል ሶሌዬም ሞተ። በጥቅምት 1886 ብቻውን ጭነቱን መርቶ ተነሣ፤ አንኮበር የደረሰው በየካቲት 1887 ነው። ምኒልክ ግን አንኮበር አልነበሩም። በጥር ወር ጨለንቆ ላይ አሸንፈው ሐረርን ይዘው ነበር፤ ራምቦ ያገኛቸው እንጦጦ ላይ ነው። ዋጋው እንዳሰበው አልሆነለትም፤ የሟቹ ሸሪኩ አበዳሪዎችም ተረባረቡበት።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅመው የመመለሻ መንገዱ ነው። ራምቦ በታጁራና በአንኮበር በኩል መጣ፤ በግንቦት 1887 ግን ዡል ቦሬሊ ከተባለው ተጓዥ ጋር ከእንጦጦ በቀጥታ ወደ ሐረር ሄደ። በአንድ ሰው ጉዞ ውስጥ አሮጌው መንገድ ሲዘጋና አዲሱ ሲከፈት ይታያል። መናገሻው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሄዷል፤ ሐረር ተይዛለች፤ ከሐረር ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ ውኃም አለው። ሸዋ ከዚያ ወዲያ ታጁራን እንደ ቀድሞው አልፈለገችም።

ያም ሆኖ የታጁራ ስም አንድ ጊዜ ዓለምን አነጋግሯል። በጥር 1889 ኒኮላይ አሺኖቭ የተባለ ሩሲያዊ ጀብደኛ ከመቶ ሃምሳ የማያንሱ ቆሳኮችን፣ መነኮሳትንና ቤተሰቦችን ይዞ ከታጁራ በስተ ምዕራብ ሰጋሎ ላይ ወረደ። ዓላማው ከኦርቶዶክሳዊት ኢትዮጵያ ጋር መገናኘት ነበር። አሮጌውን የግብፅ ምሽግ ያዘ፣ ባንዲራ ሰቀለ፣ አትክልት መትከልም ጀመረ። ፈረንሳይ «መሬቱ የእኔ ነው» አለች። በየካቲት ወር መርከቦቿ ሰጋሎን በመድፍ ደበደቡ፤ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር ሞቱ። የተረፉት ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የኢትዮጵያን ደጋ በዓይናቸው ሳያዩ።

ባቡሩ ማዶ ቀረ

በ1888 ፈረንሳዮች ከባሕረ ሰላጤው በስተ ደቡብ፣ ከታጁራ ማዶ፣ ጅቡቲን መሠረቱ። ቦታው መርከብን ከማዕበል ይከልላል፤ ለሐረር መንገድም ይቀርባል። የኦቦክ ገዥ ሊዮንስ ላጋርድ አስተዳደሩን ወደዚያ አሻገረ። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ታጁራ ከባሕሩ ወዲያ ሆና ይህን ሁሉ አየች።

ያን ጊዜ የወደቀችው ታጁራ ብቻ አልነበረችም፤ ዓልዩ አምባም ወደቀች። ፋሬ መንደር ሆነች። አንኮበር የንጉሥ ከተማ ከመሆን ወርዳ ብርድና ፍርስራሽ ታቀፈች። የእነዋሪ፣ የደነባና የደብረ ብርሃን ነጋዴ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ጨዉም፣ ጨርቁም፣ በኋላም ነዳጁ፣ ከደቡብ በኩል ይመጣ ጀመር። ከአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ የተቀመጡ ከተሞች ነበሩ፤ ገመዱ ሲላላ ሁለቱም ላሉ። ይህንን ዝምድና በአንኮበርም በታጁራም የሚጽፍ ሰው እምብዛም ነው። እዚህ የምንጽፈው ስለ ነገሥታቱ፣ እነሱ የሚጽፉት ስለ ሱልጣኖቹ ነው፤ ግመለኛው ሁለቱንም ያውቅ ነበር።

> ታጁራ ስትወድቅ ዓልዩ አምባም ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ያለው የታጁራ ታሪክ በአጭሩ ይነገራል። ጅቡቲ በሰኔ 1977 ነፃ ወጣች። በ1991 በሰሜኑ የአፋር ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ጦርነት ተነሣ፤ በ1994 ከፊሉ፣ በ2001 የቀረው ወገን ሰላም ተፈራረመ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ በጀልባ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። የፈረንሳይ ቱሪስት ለነጩ የባሕር ዳር አሸዋና በቀዝቃዛዎቹ ወራት ብቅ ለሚለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ከተማዋ በሙቀቱ ወራት ዝም ትላለች፤ አቅም ያለው ወደ ጎዳ ተራሮች ይወጣል።

ፖታሹ የሚጠበቅበት ወደብ

በሰኔ 2017 ታጁራ ላይ አዲስ ወደብ ተመረቀ። የታሰበው በዋናነት ለኢትዮጵያ ነው፤ ከዳሎል አካባቢ የሚወጣውን ፖታሽ ወደ ዓለም ገበያ ለማጓጓዝ። ከታጁራ በባልሆ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚያደርስ አስፋልትም ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ኤሊዳርን አልፎ ከአፋር ዋና መንገድ ጋር ይገናኛል። ፖታሹ ግን እስካሁን በታሰበው መጠን አልወጣም፤ ወደቡም የተገነባበትን ዋና ጭነት ገና ይጠብቃል።

በጅቡቲ መስመር የሚሠሩ ሹፌሮች ስለ ታጁራ ሲያነሡ ሁለት ዓይነት ነው የሚናገሩት። አንዳንዶቹ መንገዱ ከዋናው መስመር ወረፋና ትርምስ ይሻላል ይላሉ። ሌሎቹ ጭነት ሳይኖር መንገድ ብቻውን ምን ያደርጋል ባዮች ናቸው፤ ባዶ መኪና ይዞ መመለስ ነዳጅ መጣል ነው። የትራንስፖርት ባለሙያዎች ደግሞ ለአማራና ለአፋር ክልሎች ታጁራ ከጅቡቲው የዶራሌ ወደብ ይልቅ እንደሚቀርብ፣ አገሪቱም በአንድ በር ላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ አደጋ እንዳለው ያስረዳሉ። ሁሉም ትክክል ናቸው፤ የሸዋ ነገሥታትም በዘይላ፣ በአሰብና በታጁራ በአንድ ጊዜ ለመነገድ የሞከሩት ለዚህ ነበር።

ለሰሜን ሸዋ የቀረበው ተስፋ ባቡሩ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በቆላው በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው ሐዲድ፣ ከድሮው የግመል መንገድ ጋር በሚቀራረብ ምድር ላይ፣ ከአንኮበርና ከጣርማ በር ተራሮች ግርጌ ያልፋል። በዕቅዱ መሠረት ከሐራ ገበያ በሰመራና በአሳይታ በኩል እስከ ታጁራ መቀጠል ነበረበት። በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነትም የገንዘብ እጥረቱም ተደማምረው የተሠራውን ክፍል እንኳ ሥራ ከመጀመር አዘገዩት፤ ወደ ታጁራ የሚሄደው ቅጥያ ገና በወረቀት ላይ ነው።

ሐዲዱ እስኪደርስ መሠራት የሚችል ሥራ ግን አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የዓልዩ አምባ አርጎባ ሽማግሌዎች፣ የፋሬና የአውሳ አፋር ግመለኞች የልጅ ልጆች፣ የታጁራም የጀልባ ቤተሰቦች ስለ መንገዱ የሚያውቁት ገና በቃል ነው ያለው። የውኃ ጉድጓዶቹን ስም በቅደም ተከተል መቁጠር የሚችል ሰው ጥቂት ቀርቷል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለአንኮበር ቅርብ ነው፤ የአፋር ክልል ተቋማትና በጅቡቲ ያሉ ተመራማሪዎችም የየራሳቸውን ወገን ይዘዋል። ሦስቱ ተነጋግረው የመንገዱን ሰዎች ቃል በአማርኛ፣ በአፋርኛና በአርጎብኛ ቢቀዱ፣ የሃሪስና የራምቦ ወረቀት ብቻ የሚናገርበት ታሪክ ሌላ ምስክር ያገኛል። የተሸጡት ሰዎች የት እንዳረፉ፣ በመንገድ የሞቱት የት እንደተቀበሩ፣ በማን በኩል እንዳለፉም መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ ለዓልዩ አምባም ለታጁራም እኩል የሚመለከታቸው ነው። ጠያቂው ግን መቸኮል አለበት፤ የሚያስታውሱት ሰዎች አርጅተዋል።